«አትሩጥ» ያሉት ማንን ነው?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ልጄ ሆዴን አመመኝ አለች። እናት ነኝና ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ምላሷን አየሁ፣ ትናንት ምን እንደበላች ጠየቅሁ። ደህና ናት። ቁርሷንም እንደሆነ ጥርግ አድርጋ በልታለች። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ወጣ፤ ለካስ ሰኞ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለባቸው፣ እሷ ደግሞ መሮጥ ሰልችቷታል። «ታማለች ብለሽ ወረቀት ጻፊልኝ» ብላ እስክሪብቶ አመጣችልኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልቆጣ ስል ሳቄ መጣ፤ ልስቅ ስል ደግሞ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። ቦርሳዋን አንጠልጥዬ ከነሆድ ቁርጠቷ በር ድረስ ሸኘኋትና ሂጂ፣ ሮጠሽ ነይ አልኳት። እናቴ ጨካኝ ናት እያለች ሄደች። ይህን የምጽፈው ለእሷ አይደለም፤ እሷ አታነበውም። የምጽፈው ለእናንተ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ የወንዶቹን ሹራብ ስትጠብቁ ላደጋችሁት ነው።

ቤታችን ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ሰፊ ሜዳ ነበረው፣ ከሜዳው ዳር ደግሞ ረጃጅም ባሕር ዛፎች። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ሹራባቸውን፣ ጫማቸውን፣ አንዳንዴም ቀበቷቸውን እላያችን ላይ እየወረወሩ፣ እየጮሁ ወደ ሜዳው ይፈስሳሉ። እኛ ሴቶቹ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ያንን ሁሉ እንጠብቃለን። ጠብቁ ብሎ ያዘዘን ሰው አልነበረም፤ ተነሡ ያለንም አልነበረም። ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ በሚሸት የልብስ ክምር መሃል ተቀምጠን ጸጉር እንሠራራለን፣ የወዳደቀ የባሕር ዛፍ ፍሬ እንለቅማለን፣ ከአሮጌ ጉርድ ቀሚስ ወገብ የፈታነውን ላስቲክ ዘርግተን ሱዚ እንዘላለን። ጥላው ሲዞር እኛም ከነሹራቡ እንዞራለን። እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ አልከፋኝም። ሌላ ነገር እንዳለ ሳያውቁ እንዴት ይከፋል?

ሯጭ መሆኔ የታወቀው በጸብ ነው። ከወንዶቹ አንዱ የሱዚ ላስቲካችንን ነጥቆ ከሮጠ የምታስመልሰው እኔ ነበርኩ። አሳድጄ፣ አንገቱን ይዤ፣ ላስቲኩን ከእጁ አስፈልቅቄ እመለሳለሁ። ጓደኞቼ ያጨበጭቡልኛል፤ የሰፈራችን ሴቶች ግን ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጥጡና «ይቺ ልጅ ወንዳወንድ ሆና ቀረች፣ እንግዲህ ማን ሊያገባት ነው» ይሉ ነበር። እናቴ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰማ «እሱን ለሚያገባት ተዉለት» ብላ ታልፋለች። እናቴ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ሌላ የሚጨምርበት ሰው አይገኝም።

ከዚያ ቲቸር ይበልጣል መጣ። የደጀን ልጅ ነው፣ ገና ከማሠልጠኛ የወጣ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የሚያንጠለጥል ቀጭን ሰው። የመጀመሪያ ቀን ሜዳው መሃል ቆመና ወደ እኛ እያየ፣ ሴቶቹ ምን ሆነው ነው የተቀመጡት ብሎ ወንዶቹን ጠየቀ። ልብስ እየጠበቁልን ነው አሉት። «ልብሱ የት ይሄዳል?» አለ። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ኖሮ ስለማያውቅ ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። ፊሽካውን ነፋና ተነሡ አለን። ገሚሶቹ አፍረው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ ገሚሶቹ እየተገፋፉ ሳቁ። ከሜዳው ጫፍ እስከ ግቢው በር ሮጣችሁ፣ በሩን ነክታችሁ ተመለሱ አለ።

ኮንጎ ጫማችንን አወለቅን። ፀሐይ የመታው የኮንጎ ጫማ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እናንተም ሳታስታውሱት አትቀሩም። ቀሚሴን በአንድ እጄ ሰብስቤ ይዤ ሮጥኩ። ምን ልበላችሁ፤ ንፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፣ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም፣ ደግሞ ላስቲክ የነጠቀኝ የለም፣ የማሳድደው የለም። እንዲሁ ለመሮጥ ብቻ መሮጥ እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በሩን ነክቼ ስመለስ ሌሎቹ ገና ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። ቲቸር ሰዓቱን አየ። በማግስቱ ከወንዶቹ ጋር አሰለፈኝ፤ ከእነሱም የቀደሙኝ ጥቂት ነበሩ። ያን ጊዜ ጠጋ ብሎ «በአንድ እጅሽ ቀሚስ ይዘሽ እንዲህ ከሮጥሽ፣ ሁለቱም እጆችሽ ነጻ ቢሆኑ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ። ይህቺን አባባሉን ቤት ደርሼ ውሃ ስቀዳም፣ ስተኛም ደጋግሜ ለራሴ አልኳት።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ደብረ ማርቆስ ላይ ሊካሄድ ነበር። እዚያ ያሸነፉት ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ቲቸር ይበልጣል ለአሥራ አምስት መቶ ሜትር መረጠኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቀሚስ ለብሶ መሮጥ አይቻልም፣ ቁምጣ ያስፈልጋል። ቁምጣ ደግሞ በእኛ አገር የወንድ ልብስ ነው፣ ያውም የልጅ ወንድ።

አባቴን ሳላስተዋውቃችሁ ከዚህ ወዲያ መሄድ አይቻልም። አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ነው። አባቱ ሲሞት በሬዎቹን የሚይዝ ጠፋና ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ፤ እግሩ ከቅኔ ቤት ወጣ እንጂ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ቤታችን ውስጥ አንድም ቃል በሰላም አያልፍም። እናቴ የተረፈውን ወጥ አይታ «ይህ እስከ ነገ ይበላሻል?» ካለች «እሱስ አይበላሽም፣ አንቺ ብይው እንጂ» ይላል። እኛ እንስቃለን፣ እናቴ ማማሰያዋን ታነሣበታለች። ማኅበር ላይም ሆነ ገበያ ላይ ሰው ሲናገር አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከቃሉ በስተኋላ የተደበቀውን ሌላ ቃል ይፈልጋል። ሲያገኝ ዓይኑ ቦግ ይላል። ሳይኖርም ያገኛል፤ ችግሩ እሱ ነበር።

የውድድሩን ነገር ስነግረው መሮጤን አልተቃወመም። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ወንዶቹን እቀድማለሁ ስለው ጢሙን እያሻሸ ፈገግ ብሏል። ቁምጣ የሚለውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። «የደብረ ማርቆስ ሰው በተሰበሰበበት ልጄ ጭኗን ገልጣ?» አለ። ይሉኝታ ሰውን እንዴት እንደሚያስር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እምቢ እንዳይል የእኔ ዓይን አለ፣ እሺ እንዳይል የሰው ዓይን አለ። በመጨረሻ የኔታን ልጠይቅ አለ።

የኔታ ቅኔ ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኛ ቤት ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገቱ አናት ላይ ካለ ደብር ይኖራሉ። አባቴ በሬ ሲለውጥም ሆነ ልጅ ሲድር እሳቸውን ሳይጠይቅ አያደርግም። ያን ሰሞን እህል አልዋጥ አለኝ። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ፈልጌ አውቃለሁ፤ አዲስ ደብተር፣ ቀይ ቀለበት፣ የአክስቴን ቤት ማየት። እንደ ደብረ ማርቆሱ ሩጫ ግን አጥብቄ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። የኔታ እሺ ካሉ እሮጣለሁ፣ እምቢ ካሉ በቃ፣ ሹራብ እጠብቃለሁ።

አባቴ የሄደው የገበያ ቀን ነው። ጠዋት የኔታ ዘንድ ደርሶ ከሰዓት ቁይ ገበያ ገብቶ ወይፈን ሊያይ አስቦ ነበርና፣ ገና ሳይነጋ ዱላውን ይዞ እየተጣደፈ ወጣ። ሲመለስ ለእግሩ ውሃ አሙቄ ጠበቅሁት። እግሩን ሳጥብ ፊቱን አላየሁም፤ አቧራውን እያሸሁ ጆሮዬን ብቻ ሰጠሁ። «የኔታ ተናግረዋል» አለ። «አትሩጥ ብለዋል።» እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ።

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሳትነሣ «ማንን?» አለች።

«ምን ማንን?»

«ማንን ነው አትሩጥ ያሉት? ፊታቸው የቆምከው እኮ አንተ ነህ።»

አማርኛችን እዚህ ላይ ጉድ አለበት። ፊት ለፊት የቆመን ወንድ «አትሩጥ» ይሉታል፤ ቤት ስለቀረች ሴት ልጅም «አትሩጥ» ይባላል። አንድ ፊደል አይጨምር፣ አንድ ፊደል አይቀንስ። «ትሩጥ» ቢሉ ኖሮ ቃሉ ከእኔ በቀር የሚሄድበት ሰው አልነበረውም። የሚከለክለው ቃል ግን ማንን እንደሚከለክል ሳይናገር ይከለክላል። ይህን ዛሬ እኔ አማርኛ መምህርት ሆኜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳለሁ፤ ያን ጊዜ ያየችው ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት።

አባቴ በአፍንጫው ሳቀ። «ቅኔ የተማርኩት እኔ ነኝ አንቺ?» አላት። እናቴም «አንተ ነህ። እኔማ የማውቀው አማርኛ ብቻ ነው» አለች። እሱ ግን አሳምሮ ፈትቶታል። ሰሙ አንተ አትሩጥ ነው፣ ወርቁ ልጅህ አትሩጥ ነው፤ የኔታ እንደሆኑ በአንዲት ቃል ሁለታችንንም ገሠጹን ብሎ እየተደነቀ አስረዳን። ተመልሰህ ጠይቃቸው አለችው። ይህ ለአባቴ የማይሆን ነገር ነው። የኔታ ከተናገሩ በኋላ ምን ማለትዎ ነው ብሎ መጠየቅ በቅኔ ቤት ነውር ነው፤ አልገባኝም ያለ ተማሪ እስኪሸመግል መሳቂያ ሆኖ ይኖራል። ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ ያውም በማኅበር ላይ ፈቺ የሚባል፣ ዳገት ወጥቶ አልገባኝም ይበል? «ነገርኩሽ እኮ፣ ገብቶኛል» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ የእግር ውሃውን ደጅ ደፍቼ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ቲቸር ይበልጣል ቤታችን ድረስ መጣ። አባቴ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፎ አስቀመጠው፣ ጠላ ቀረበለት፣ ስለ ደጀን አዝመራ ተጠየቀ። አባቴ እንግዳ አክባሪ ነው፣ እምቢ ሲልም ጠላ እየጋበዘ ነው። ቲቸር ቁምጣው እስከ ጉልበቷ ይሁን አለ፣ ረጅም ሱሪም ካሉ እኔ ዳኞቹን አስፈቅዳለሁ አለ። አባቴም «መምህር፣ ነገሩ አሁን የቁምጣ አይደለም፣ የቃል ነው። የኔታ ከተናገሩ እኔ ምን አቅም አለኝ?» አለው። እናቴ ከወዲያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቲቸር ወደ እኔ አየ፣ ወደ እናቴ አየ፣ ከዚያ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹን የጫነው አይሱዙ ከቤታችን ሥር ባለው መንገድ አለፈ። እኔ አውድማው ላይ የጤፍ ጭድ እሰበስባለሁ። ዘፈናቸው ዳገቱን ወጥቶ ይሰማኛል፣ ጭብጨባቸውም ይሰማኛል፤ የእኔ ቦታ የትኛው ጥግ ላይ እንደነበር በሐሳቤ ፈለግሁ። አቧራው ከመንገዱ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አይዞሽ አላለችኝም። ጭዱን ከእጄ ተቀብላ «ሂጂ አንጓች፣ ሩጪ» አለች። ወዴት አልኳት። «ወደ ፈለግሽው» አለች። ሮጥኩ። ከአውድማው እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ ተመልሼ እስከ ጉብታው፣ ቀሚሴን ይዤ፣ እያለቀስኩ፣ ሰዓት የሚይዝልኝ ሳይኖር። የዚያ ዓመት ውድድሬ ያ ነው።

በዚያው ሰሞን አስተርዮ ማርያም ደረሰች፤ ማኅበሩ የእኛ ቤት ተራ ነበር። የኔታም በበቅሎ መጡ። ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጠላ እቀዳለሁ፣ እናቴ ታቀርባለች። ከጓዳው በር ላይ የተሰቀለው መጋረጃ ስስ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። የኔታ ዋንጫቸውን ተቀበሉ፣ ባረኩ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «ያቺ ሯጭ ልጃችሁስ? ቀናት ወይስ አልቀናት?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ የጎረሰውን ዋጠ። «እንደ ቃልዎ አስቀረኋት የኔታ» አለ።

«የምን ቃል?»

«አትሩጥ ብለውኝ የለም?»

የኔታ ዋንጫውን አስቀመጡት። «ልጄ፣ ያን ቀን ዳገቱን እየሮጥክ መጣህ» አሉ። «ላብህ ይንጠፈጠፋል፣ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ እንደምን አደሩ እንኳ ሳትለኝ ጥያቄህን አፈሰስከው። አትሩጥ አልኩህ። አትሩጥ፣ አረፍ በል፣ ውሃ ቅመስና እንነጋገራለን ልልህ ስል ጉልበቴን ስመህ ቁልቁለቱን ተያያዝከው። ብጠራህ ዞረህም አላየህ።» ራሳቸውን ነቀነቁና «እኔ የተናገርኩት ሰሙን ብቻ ነበር፤ ወርቁን ከየት አመጣኸው?» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ የሚጠርጉ ነበሩ። እናቴ ግን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ «ቢያርፍስ ኖሮ ምን ሊሉት ነበር የኔታ?» አለች። ሴት በማኅበር መሃል የኔታን እንዲህ ስትጠይቅ አይቼ አላውቅም። የኔታ ቀና ብለው አዩዋት። «እግሩን የሰጣት እግዜር ነው፣ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ ልለው ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም። ጓዳ ሆኜ እንስራውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እንደ እሳት አቃጠለኝ፤ ዳገቱ ላይ ትንሽ ቢያርፍ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ቢጠጣ ኖሮ ሮጬ ነበር። በአገራችን ከዚያ ወዲያ የቸኮለን ሁሉ «አትሩጥ» እያሉ መቀለድ ተለመደ። እኔ ቀልዱን ለመልመድ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አባቴ ልጁን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ የዚያ ዘመን አባት መቼ ይጠይቅና። ሰኞ ጠዋት ግን የታጠበ ጋቢውን ለብሶ ትምህርት ቤታችን መጣ። ሜዳው ዳር ቆሞ ቲቸርን አስጠራና የሚቀጥለው ውድድር መቼ ነው አለው። ለዓመት ነው ተባለ። «ለዓመት» አለ ለራሱ፣ ቃሉን እያላመጠ፣ እና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ውሃ መቅዳት የታናሽ ወንድሜ ሥራ ሆነ፤ እኔ ከቲቸር ጋር ሜዳ ልቆይ ነዋ። ወንድሜ የሴት ሥራ ነው ብሎ ቢያለቃቅስ አባቴ «ታዲያ ስትጠጣው ምነው አላፈርክ?» አለው። እናቴ ይህን ስትሰማ ለአባቴ ወጥ ጨመረችለት።

ቁምጣውን የሰፋው የቁይ ገበያው ሁሴን ነው። አባቴ ከአንድ ወገን ቆሞ ወረድ አድርገው ይላል፣ እናቴ ከሌላው ወገን ቆማ መሮጫ እኮ ነው፣ ከፍ አድርገው ትላለች። ሁሴን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ሁለቱንም አዳመጠና «ሳትጣሉ ጉልበቷ ላይ ላቁመው» ብሎ ጨረሰው። ጥቁር ነበር፣ በጎኑ ነጭ ክር የገባበት። ስለካው ሁለቱ እጆቼ የሚይዙት አጡ።

በዓመቱ ደብረ ማርቆስ ይዞኝ የሄደው አባቴ ራሱ ነው። ሰው ሲያፏጭ፣ ሲስቅ፣ ይቺን የገጠር ልጅ እይዋት ሲል ይሰማኛል፤ አባቴ አጥሩን በአንድ እጁ፣ ዱላውን በሌላው ይዞ ቆሟል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ነገር ጠፋልኝ። የመጨረሻው ዙር ላይ ሦስተኛ ነበርኩ። ጉሮሮዬ እንደ በርበሬ ነደደ፣ መስመሩ አጠገብ ስንደርስ አንዲት የመርጡለ ማርያም ልጅ በደረቷ ቀደመችኝ። ባሕር ዳር የሚሄዱት ሦስት ናቸው። እኔ አራተኛ ወጣሁ። ቲቸር ይበልጣል ውሃ እያጠጣኝ፣ አባቴ ከኋላው መቆሙን ሳያይ፣ «አምና እኮ በዛሬው በሮጥሽበት ሰዓት አንደኛ ትሆኚ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው። አባቴ ሰማ።

ወደ ቁይ በሚመልሰን አውቶቡስ ውስጥ አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ውጭውን ያያል። እንደ ወትሮው ቢሆን በአንድ ነገር ይቀልድ ነበር፤ በሾፌሩ፣ በመንገዱ፣ በተጫኑት ዶሮዎች። የኛ መውረጃ ሲቃረብ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «የአምናውን ሩጫ የቀደምኩሽ እኔ ነኝ» አለ። ከልማዴ የተነሣ ሌላ ትርጉም ፈለግሁለት። አልነበረውም። አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቀጥ ያለ ነገር ተናገረ፣ እሱም ይኸው ነው። ራሴን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ፣ እስክንወርድም አላነሣሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ የሚወራለት አይደለም። ቲቸር ይበልጣል ተቀየረ፤ የተተካው መምህር ፊሽካ አልነበረውም። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሌላ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው፣ ምግብ አብስዬ፣ ልብስ አጥቤ፤ ሩጫ ከሥራዎቼ መሃል እንዲሁ ሳይታወቀኝ ወጣ። አስተማሪ ሆንኩ፣ ደብረ ማርቆስ ተቀመጥኩ፣ አገባሁ። ወንዳወንድ ናት ያሉኝ ሴቶች ሠርጌ ላይ ሲጨፍሩ አይቼ በሆዴ ስቄአለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጠዋት በደጄ የሚያልፉትን ሴቶች ልጆች ብታዩ! ቱታ ለብሰው፣ የሩጫ ጫማ አድርገው፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ እያወሩ ይሮጣሉ። እያወሩ! እኛ መተንፈስ ሲያቅተን እነሱ ወሬ ይተርፋቸዋል። አባቶቻቸው በሞተር ሳይክል አድርሰው፣ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁሉም አምሮለታል አልልም፤ ጎበዝ ሯጭ የነበረች ተማሪዬ አምና ተድራ ቀርታለች፣ ሜዳ ሲጠብም ዞር በሉ የሚባሉት ዛሬም ሴቶቹ ናቸው። ግን ልጄ ትሩጥ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ዳገት የሚወጣ አባት አላይም። ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ ሳልደብቅ ልናገርና ያንገበግበኛልም። ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት፣ አንዱን ብቻ መርጬ ላስቀር አልቻልኩም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው መምጣቱን ያያል እንጂ ማን እንደሆነ አይለይም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ልጆቹ ከታች ሲመጡ እግራቸውን ከሩቅ ይሰማል፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲደርሱ ዱላውን ከፍ አድርጎ «በርቺ አንጓች!» ይላል። አንደኛዋንም፣ ሁለተኛዋንም፣ ወደ ኋላ የቀረችውንም። ልጆቹ ለምደውታል፣ «እሺ አባባ» እያሉት ያልፋሉ። እኔ ቤት ውስጥ ለሥራ እየተጣደፍኩ፣ ጸጉሬን እያበጠርኩ፣ ስሜን ስሰማ በልማድ «አቤት አባዬ» እላለሁ።

«አንቺን አይደለም» ይለኛል፣ ፊቱን ከመንገዱ ሳይመልስ። «የምትሮጠዋን ነው።»